ያኮረፈ ባለአክሲዮን

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአኩራፊው ባሌ ለሸሪፍ፤
ሐሙሲት፣ እህትህ ሙኒራ ቤት

አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አንተን ግን ምን ልበልህ? ለወገቤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ልግባ ብለህ ወጥተህ ወር ሞላህ! ወር ሙሉ የሚዘፈዘፍ ወገብ የት አገር አለ? ስልክህን ስለዘጋህ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ በሚኒባስ ሾፌሩ በሬድዋን እጅ ደብዳቤ እልካለሁ።

በባለአክሲዮኖቹ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት እንደተቆጣህ አውቃለሁ። አንተስ? ዘይት መጭመቂያችን አርጅቶ ከሳምንቱ ግማሹን ቆሞ ነው የሚውለው፤ ገበሬው ኑጉን ጭኖ መጥቶ ይመለሳል። ነጋዴው እሸቴ ለአዲስ ማሽን ገንዘብ ላስገባ፣ አክሲዮን አውጡልኝ ቢል ብድግ ብለህ «የአሥር ሰው ቅርጫ ሃያ መደብ ቢደረግ በሬው ይወፍራል?» አልክ። ሰው ሳቀልህ። እኔም አላስችል ብሎኝ «ኧረ ሰውየው ሌላ በሬ እየነዳ ነው የሚመጣው!» አልኩ። ያኔ ሳቁ ባንተ ላይ ዞረ፤ ጥለህ ወጣህ።

ውሳኔው ግን አለፈ። አዲሱን አክሲዮን ለመግዛት ቅድሚያው የነባሮቹ ነው፤ እንደየድርሻችን መጀመሪያ እኛ እንገዛለን፣ የተረፈውን እሸቴ ይወስዳል። ሸሪካችን ዘውዱ ገዝቷል፣ እኔም ገዝቻለሁ። አንተ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈረምክ ላንተ የተያዘው አዲስ አክሲዮን ለእሸቴ ነው። ባለመፈረምህ ያገድካቸው መስሎሃል? ወላሂ ታቃጥላለህ! የያዝከውን ማንም አይነካብህም፤ የሌላው ሲበዛ ግን ያንተ ያንሳል፣ ድምፅህም እንዲሁ። ያኮረፈ ምሳው እራት ይሆነዋል፤ ያንተ ምሳ ግን ለሰው እራት ሊሆን ነው።

መጭመቂያው ሲተከል መዳፍህ እስኪላጥ ብሎን ያሰርከው አንተ ነህ። ነገ በገዛ ፋብሪካህ የማይሰማ ሰው ስትሆን ማየት ያንገበግበኛል። ይቅርታ እንዳትጠብቅ፤ ያልኩት ልክ ነው። ሳቃቸው ግን እኔንም አሞኛል።

ዘውዱ «ለምን ትለምኚዋለሽ? ውክልና ይላክልሽና አንቺ ፈርሚለት» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ለሕጉ ይበቃል። ሬድዋንም ያመጣው ነበር።

እንዳትልክ! ብትልክ አልቀበልም። እሸቴ ይግዛው። ወረቀትህ መጥቶ አንተ እዚያው ከቀረህ ምን ያደርግልኛል?

አላህ ልብህን ያራራልኝ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

ሚስትህ ሶፊያ