የጫኚው ካርድ ደንብ

ጦልሃ፣
በርሜሉን ውሃ ሞልቼዋለሁ። ቁልፉን ታች ሱቅ ዐማል ጋር ታገኘዋለህ። እኔ ልጭን ከጭነት መኪናው ጋር ዋሂል ሄጃለሁ። አትደውል።

ትናንት ካርዶችህን በእርግጫ መበተኔ ጥሩ አልነበረም። ለቅሜ አልጋህ ላይ አስቀምጬልሃለሁ።

ግን አቦ፣ አዲስ ጨዋታ ፈጠርኩ ብለህ የቀፊራ ገበያውን ነጋዴ፣ ባለባጃጁን፣ ግመሉን ሳይቀር ስትስል ለሁሉም የሚያጠቁበት ጉልበት ሰጠሃቸው። ጫኚው ላይ ስትደርስ የኔን ፊት ሳልክ፣ የወለቀው ጥርሴ እንኳን አልቀረህም። ከስሩስ ምን ብለህ ጻፍክ? «አያጠቃም። ሌላ ካርድ ሲመታ በሱ ፋንታ ይወድቃል።»
ጓደኛህ ፈሃድ ሰው ፊት ጮክ ብሎ አነበበውና «ወላሂ፣ ተማም ራሱ ነው!» አለ። አንተም አብረህ ሳቅክ።

ባጃጅህ ሰው የገጨች ቀን «እኔ ነኝ የነዳሁት» ብዬ ስታሰር ግን አልሳቅክም።
እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ነገ ካርዶቹን ሳቢያን ማተሚያ ቤት ወስደህ ልታሳትማቸው ነው። ፊቴ ይኑር፣ አጥፋው አልልህም። ደንቡን ግን ሳይታተም ቀይረው። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦
«ጫኚው ካልፈለገ እምቢ ማለት ይችላል። እምቢ ካለ የተመታው ካርድ ራሱ ይወድቃል።»

ተማም