የተጠረገው ግቢ

ሀርጌሳ፣ ጥር 12 ቀን 1985 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ዳሀቦ፣

ድሬዳዋ በሰላም መግባትሽን ከሰው ሰምቻለሁ። አምስት ወር ዝም ያልኩሽ አድራሻሽን አጥቼ አይደለም። ወንድምሽ ሮብሌ በሞተ ማግስት፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ «ያን ግቢ ማን ነው የጠረገው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ አንገቴን ደፋሁ። አውቅ ነበር፣ ዳሀቦ። ዛሬ ልንገርሽ።

ሠራዊቱ ሲበተን ድንበር ተሻግሬ እዚህ ስገባ ከለበስኩት ሸሚዝ በቀር ምንም እንዳልነበረኝ ታውቂያለሽ። ገበያ መሃል ብቻዬን በአማርኛ ስራገም፣ በስደት አማርኛ የለመዳችሁት አንቺና ሮብሌ ሰምታችሁ ሳቃችሁ። የመሐንዲስ ክፍል ፈንጂ አምካኝ እንደነበርኩ ስነግረው ሮብሌ ሳቁን አቆመና፣

«ቤት መግዛት ትፈልጋለህ?» አለኝ።

«በምኔ?»

«በእጅህ።»

ሥራውን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ጣሪያው የተዘረፈ፣ ግድግዳው የቆመ፣ በጦርነቱ የሶማሊያ መንግሥት ወታደሮች ፈንጂ ቀብረውበት የሄዱ ቤት እንፈልጋለን። ባለቤቱን አፈላልገን በሽማግሌ ፊት እንገዛለን። እኔ ፈንጂውን አወጣለሁ፣ ሮብሌ ቆርቆሮ ያመጣል፣ አንቺ ከስደት ለተመለሰ ቤተሰብ ታከራያለሽ። ዳሚ ሰፈር ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስንጨርስ፣ ሲሶው የአክሊል ነው ብላችሁ ስሜን አስጻፋችሁ። አገር የሌለው ሰው ግድግዳ ሲኖረው ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቅሁ። አንቺም፣ «ጎረቤት ሦስት ጊዜ ሳትጠይቅ ቤት እንዳትገዛ» ብለሽ መከርሽኝ።

ሁለተኛው ቤት ግን የሚጠየቅ ጎረቤት አልነበረውም። ጅግጅጋ ያር ከሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ሁሉ ፍርስራሽ፣ አንድም ሰው ያልተመለሰበት። ሻጩ፣ «የአጎቴ ልጅ ቤት ነው፣ ሁሉም አልቀዋል» ብሎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አሳየን። ሮብሌ ወርቅሽን ሸጦ ገዛው።

የመጀመሪያው ጠዋት መሣሪያዬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ግቢው ተጠርጓል። የመጥረጊያው መስመር ትኩስ ነው። የእግር ዱካ ግን የለም። ከፊቴ የገባ ሰው ያለ መስሎኝ ተጣራሁ። የመለሰልኝ የለም። በማግስቱም እንዲሁ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ አሸዋው ላይ ሳይጠረጉ የተተዉ፣ የሰሃን አፍ የሚያህሉ ክቦች አየሁ። ስምንት ነበሩ። በሆዴ ተኝቼ አንዱን በሳንጃ ጫፍ ቀስ ብዬ ነካካሁት። ብረት። ሁለተኛውም ብረት። ጠራጊው ማንም ይሁን ማን፣ እያንዳንዱ ፈንጂ የት እንዳለ ያውቃል። መሣሪያዬን ሰብስቤ ሳልሠራ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከአጥር ሥር ተደብቄ ጠበቅሁ። አንዲት አሮጊት ከማዕድ ቤቱ በር ወጡ። በባዶ እግራቸው ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ ዱካቸውን በመጥረጊያ እያጠፉ፣ ክቦቹን እየዞሩ ይመጣሉ። እየጠረጉ ከሰው ጋር ያወራሉ፤ ይቆጣሉ፣ መልስ የሚጠብቁ ይመስል ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። በግቢው ውስጥ ግን ከእሳቸው በቀር ሰው አልነበረም።

በር ላይ ሲደርሱ በተሰባበረ ሶማልኛዬ፣ «እናቴ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አልኳቸው።

አልደነገጡም። «ከልጆቼ። ማዕድ ቤቱ ወለል ሥር ናቸው። አውሮፕላኖቹ ከተማውን የደበደቡ ቀን እዚያው ቀበርኳቸው።»

ስማቸው አርዶ ነው። ወታደሮቹ ፈንጂውን ሲቀብሩ ከመንገዱ ማዶ በግድግዳ ስንጥቅ እያዩ ቆጥረዋል። ከስደትም ከሁሉ ቀድመው ተመልሰው፣ ማዶ ባለው ፍርስራሽ ያድራሉ።

«ፈንጂውን ላወጣልዎት እችላለሁ» አልኳቸው።

«ተው! ቤቴን የጠበቀልኝ እሱ ነው። ብታወጣው ነገ ባለጉልበት ይገባበታል። ለማንም እንዳትናገር።»

የገዛነው እኛ መሆናችንን መንገር አቃተኝ። ለእናንተም መናገር አቃተኝ። ሻጩ ተሰውሯል፤ ወርቅሽ ሄዷል። ፈንጂ የማያወጣ አክሊል ለእናንተ ምን ይረባል ብዬም ፈራሁ። ስለዚህ፣ «ይሄ ቤት አይጸዳም፣ ተዉት» አልኳችሁ። አንቺ አመንሽኝ። ሮብሌ አላመነኝም።

ሮብሌ የሞተ ጠዋት የፍንዳታውን ድምፅ ሰምቼ እየሮጥኩ ስደርስ አሸዋው ላይ ወድቆ ነበር። ታቅፌው፣ «ለምን ገባህ?» ስለው፣ «ተጠርጎ አየሁት» አለኝ። «አጽድተህ ለብቻህ ልትይዘው መሰለኝ። ክቦቹን ፈንጂ አውጥተህ የደፈንካቸው ጉድጓዶች መሰሉኝ። አስተማማኙ ቦታ እሱ ነው ብዬ ረገጥኩት።» ከዚያ የእምነት ቃሉን፣ ሸሃዳውን ብሎ ዓረፈ።

እሱን የገደለው የእኔ ውሸት ነው።

አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ እማማ አርዶ ደጄ መጡ። «ወዳጅህ በእኔ ግቢ ሞተ። ና፣ አውጣቸው» አሉኝ። በመጥረጊያው እንጨት እየጠቆሙኝ ሰባቱንም አወጣሁ። ቤቱ ዛሬ ንጹሕ ነው። እኔ ግን በሩን ባለፍኩ ቁጥር አሸዋው ላይ ክብ እፈልጋለሁ። እማማ አርዶ ጎህ ሲቀድ ልጆቻቸውን ሲጠሩ ሁለት ስም ነበር የምሰማው። አሁን ሦስት ነው። ሦስተኛው ሮብሌ ነው። «ትናንት ዝም ብሎ ነበር፣ ዛሬ ግን ሳቀ» አሉኝ።

ሁለታችንም ሽማግሌዎች ፊት ቀርበን ሁሉንም ተናገርን። ቤቱ የእማማ አርዶ ነው ብለው ፈረዱ። የደሙን ካሳ ነገር ግን፣ «እህቱ ተጠይቃ ትወስን» አሉ። ይህን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። የዳሚዋ ሲሶዬ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት፤ በሽማግሌዎቹ ፊት አስፈርሜያለሁ። ይበቃል ብዬ አይደለም።

እማማ አርዶም ይህን ጻፍልኝ ብለውኛል፤ ቃላቸውን እንዳለ አስቀምጣለሁ፦ «ልጄ ዳሀቦ፣ ቤቱን ለወንድምሽ ደም ውሰጂው። ብታከራዪውም፣ ብትሸጪውም ያንቺ ነው። የማዕድ ቤቱን ወለል ብቻ አታስቆፍሪብኝ።»

ፍርዱ ያንቺ ነው፣ ዳሀቦ። ብትረግሚኝ እንኳ መጥተሽ ፊት ለፊት እርገሚኝ። ከሀርጌሳ የትም አልሄድም።

የበደለሽ ወንድምሽ፣
አክሊል