ፊደሉን የረሳው ኮምፒውተር

የካቲት 14 ቀን 2008

ሰኞ። ብርድ። ሁለት ቅርጫት ጨረስሁ።

ቀርከሃ የሚያመጣልኝን ነጋዴ ከየት እንደቆረጠው ጠየቅሁት። «ከጥርባ ነው፣ ከአቶ ሽባባው ማሳ» አለኝ። ሳቅሁ። ምን ልበል? የእናቴን ቀርከሃ ከነጋዴ ገዝቼ ቅርጫት እሠራለሁ።

ሽባባው ታናሽ ወንድሜ ነው። በጀርባዬ ያዘልሁት። እሱ ትምህርት ቤት ሲላክ እኔ ከብት ጋ ቀረሁ። እናታችን በሞተች በዓመቱ ወረቀት ይዞ መጣ። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። «እታለም፣ ከእናታችን የደረሰሽን ማሳ እኔ ልጠብቅልሽ፤ አደራ ነው የሚለው» ብሎ አነበበልኝ። ድምፁም ጥሩ ነበር፣ እንደ ቄስ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍሁ።

በሃምሳ አራት ዓመቴ ቀበሌ አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ማንበብ ስችል የዚያን ወረቀት ቅጂ አስወጣሁ። «በስጦታ ሰጥቻለሁ» ይላል። አደራ የሚለውን ቃል ፈለግሁት… በጣቴ እየተከተልሁ ሦስት ጊዜ ፈለግሁት። የለም።

ከሰስሁት። ተረታሁ። «አሻራው ያንቺ ነው?» አሉኝ። የኔ ነው። አለቀ። የይግባኙ ቀን ዓርብ ያበቃል። ዓርብ ካለፈ ማሳው ለዘላለም የሱ ነው።

የካቲት 16

ይግባኙን ራሴ በደብተር ጻፍሁት። አራት የቅሬታ ነጥብ። ሰርዤ ደልዤ፣ እንደገና ገልብጬ። ያማረ ነው።

መዝገብ ቤት ወሰድሁት። አበረ የሚባለው ጸሐፊ ቀና እንኳ ሳይል «በእጅ የተጻፈ አንቀበልም፣ እማማ» አለ።

«አይነበብም?»

«ይነበባል።»

«ታዲያ?»

«በኮምፒውተር ይሁን።»

ሃምሳ አራት ዓመት «መጻፍ አትችይም» ተባልሁ። ቻልሁ። አሁን ደግሞ የእጅ ጽሑፍ አይፈለግም! በአገውኛ የተናገርሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ ወዳለችው ወደ ሶስና ሄድሁ። የኮምፒውተር ጸሐፊ ናት። ጴንጤ ናት፤ ስትጽፍ ትዘምራለች። አንዲት ቃል ሳታስቀር ጻፈችልኝ። ቃሌን በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አየሁት። እኔ ነኝ ይሄን ያልሁት? «ነገ አርሜው ዓርብ ጠዋት አትምልዎታለሁ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ። ደስታ አይበረክትልኝም፤ ይሄን እያወቅሁ ምን አስደሰተኝ?

የካቲት 18

የዛሬውን እንዴት እጽፈዋለሁ…

ጠዋት ሦስት ሰዓት ደረስሁ። ሶስና እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። መስታወቱ ሰማያዊ ሆኗል፤ ነጠብጣቦች ይሽከረከራሉ።

«አፕዴት እያደረገ ነው፣ እማማ። ራሱን እያደሰ።»

«ማን አዘዘው?»

«ማንም። ራሱ ነው።»

«ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው።»

«እንግዲያ ተይ በይው!»

«አይሰማም። ትናንት ‹አሁን ላድስ ወይስ በኋላ?› ብሎ ጠየቀኝ። በኋላ አልሁት። ዛሬ ሳይጠይቅ ጀመረ።»

ሽባባው እንኳ ጣቴን ጠይቋል።

«አጥፊውና ሌላ ቤት እንሂድ» አልኋት። ጽሑፉ ያለው እሱ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው፣ ሌላ ቤት እንደገና ከማጻፍዎ በፊት ይጨርሳል አለችኝ። «እያደስሁ ሳለሁ ብታጠፉኝ ሁሉም ይበላሻል» ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፏል አሉ። እያስፈራራ ነው የሚታደሰው።

አራት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት በመቶ። አምስት ሰዓት፣ ሃያ ስድስት። ጉዳይ ያላቸው ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። አላፊ አግዳሚው እንደ ኳስ ጨዋታ «ስንት ደረሰ?» ይላል። የባጃጅ ሹፌሮች ጮኸው ይመልሱለታል። የልደት ካርድ ሊያሠሩ የመጡ አንድ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩት። ወዲያው ሠላሳ አራት ገባ። ሶስና ራሷ «አሜን» አለች፤ በኋላ ደንግጣ አፏን ያዘች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰማንያ ሰባት ደረሰ። መብራት ጠፋ።

የባጃጅ ሹፌሮቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ለቅሶ ቤት መሰለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱ መጣ። ኮምፒውተሩ «የጀመርሁትን እየመለስሁ ነው» አለ። መልሶ ሲጨርስ ደግሞ እንደገና ማደስ ጀመረ! አሥር ተኩል ሲሆን ተከፈተ። ሶስና ጽሑፌን ፈልጋ አገኘችው። በሦስት ቅጂ አተመችው።

ወረቀቱን ተቀበልሁ። አንድም ፊደል የለበትም። የእንግሊዝ ፊደል አለ፤ ግማሹ ተገልብጦ፣ ግማሹ ባርኔጣ ደፍቶ። የጥያቄ ምልክት፣ መስቀለኛ ነገር፣ የዶሮ ጭረት የሚመስል።

«አማርኛ የምንጽፍበትን ፕሮግራም ጥሎታል» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ጽሑፉ አለ እማማ፣ መልኩ ነው የጠፋው። ዲስኩን ከባሕር ዳር ካላስመጣሁ…»

«ሌላ ሰው ዘንድ ልሂድና እንደገና ይጻፍ።»

«ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው እኮ! ያለውን ይዘው ይሩጡ። ቀኑ ይመዝገብልዎት፣ ሌላው ይደረስበታል።»

ሮጥሁ። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ሮጥሁ።

አበረ ኮቱን ለብሷል። ወረቀቱን ተቀበለ። አየው። ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ። እና ፊቱ… ያን ፊት አውቀዋለሁ። ሃምሳ አራት ዓመት የኔ ፊት ነበር። ቅንድብ ከፍ ይላል፣ ከንፈር በትንሹ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይን በየመስመሩ እኩል ይሄዳል፣ የትም አይቆምም። መጨረሻ ላይ ራስ ይነቀነቃል። እሱም ነቀነቀ።

«ጥሩ ነው። በደንብ ተዘጋጅቷል» አለ።

ማኅተሙን በሦስቱም ቅጂ ላይ ዷ! ዷ! ዷ!

«ይሄም አብሮ ይያያዝልኝ» ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁ።

«ነገርሁዎት እኮ፣ እማማ። በእጅ የተጻፈ አንቀበልም።»

የካቲት 19

የቀረልኝን ቅጂ ላነበው ሞከርሁ። አንድ የማውቀው የለም። ኮምፒውተሩ በአንድ ቀን መሃይም ሆነ። ባልናደድበት ኖሮ አዝንለት ነበር።

የካቲት 27

የጎረቤቴ የምንይችል ልጅ ሠርግ። የጥሪ ወረቀቱም ከሶስና ቤት የወጣ ነው፤ ቀድሞ ተጽፎ፣ ፊደሉ ከጠፋ በኋላ እሷ ባልነበረችበት ሐሙስ የታተመ። ከቁጥሩ በቀር የሚነበብ የለውም። ለምን በተኑት? ምንይችል ያደለው ሳያየው ነው። ከተቀበሉትስ ማን ጠየቀ? ማንም። ሁሉም የተማረ ነዋ! አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

27 የሚለው ስለተረፈ ቀኑን ሰው አልሳተም። ቦታውን ግን እንደየግምቱ ሄደ። እዚሁ እንጅባራ በሙሽራዋ አባት በምንይችል ቤት የተገኘነው ሃያ አንሞላም። የቀረው ሕዝብ ሚኒባስ ሞልቶ ዳንግላ የሙሽራው አባት ቤት ወረደ። እዚያ ጠብ የሚል አልደረሰውም አሉ።

እዚህ ደግሞ ሁለት በሬ ታርዷል። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ሥጋው ማደር አይችልም። ምንይችል እያለቀሰ ያጎርሰናል። «ብሉልኝ! በእመቤቴ ብሉልኝ!» እንዲህ ጠግቤ ጾም ገብቼ አላውቅም።

መጋቢት 9

ዲስኩ ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር። ሶስና ጫነችው። ፊደል ተመለሰ፤ ሁለታችንም አጨበጨብን። በማግሥቱ ኮምፒውተሩ እንደገና ታደሰና ጣለው።

ደግነቱ በዚያች አንድ ቀን የኔን ትክክለኛውን አትማልኛለች። ወደ አበረ ወሰድሁት። «ፋይል ውስጥ የገባ ያለ ዳኛ ትእዛዝ አይቀየርም» አለኝ። ዳኛውስ? ይግባኙ ላይ «ያስቀርባል»፣ ማለት ሽባባው ቀርቦ መልስ ይስጥ፣ ብሎ ጽፎበት ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል።

«ያስቀርባል» ያለው አንብቦ ነው? እንዴት አድርጎ?

ትክክለኛውን ቅጂ ዝናብ እንዳያገኘው ሣጥን ላይ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ አይጥ በልቶታል። ይሁን። ደብተሬ አለ።

ሚያዝያ 4

የሽባባው መልስ ደረሰኝ። የጻፈለት ጠበቃው ይሄነው ነው፣ የልጁ ባል። በጥሩ ፊደል ነው የተጻፈው፤ የእነሱ ኮምፒውተር አይታደስም መሰል።

«መልስ ሰጪ የይግባኙን ቅሬታ አንድ በአንድ መርምረው የተረዱ ሲሆን፣ ከተራ ቁጥር አንድ እስከ ዘጠኝ የተዘረዘረው በሙሉ ሐሰት ነው።»

ዘጠኝ ከየት መጣ? እኔ አራት ነው የጻፍሁት።

ወረድ ብሎ ደግሞ «በገጽ ሁለት ለተሰነዘረው ስድብ ይግባኝ ባይ ይቅርታ ይጠይቁ» ይላል።

ግርጌው ላይ የሽባባው ፊርማ። ትልቅ፣ ጭራውን የነሰነሰ።

ብቻዬን ሳቅሁ። ጎረቤት ታማለች ብሎ መጣ።

ሚያዝያ 13

ችሎት ዋልሁ።

አዲሷ ዳኛ ወጣት ሴት ናት። ፋይሉን ገለጠች። ወረቀቱን አዘቅዝቃ አየችው። አልነቀነቀችም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

እግዜር ይስጣት! በሁለት ወር ውስጥ ይሄን የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው። አበረ በሩ ሥር ቆሞ ጣሪያውን መረመረ።

ይሄነው ተነሣ። «ይግባኙ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«አንብበውታል?»

«መልስ ሰጥተንበታል።»

«እሱን አልጠየቅሁም። ሦስተኛውን መስመር ያንብቡልኝ።»

«ዝርዝሩን… ደንበኛዬ ነው የሚያውቀው።»

ወረቀቱ ለሽባባው ተሰጠ። ቅንድቡ ከፍ አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ በየመስመሩ እኩል ሄደ… ወይ ወንድሜ። ያን ፊት አንተም ትችልበታለህ?

«መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ» አለ።

«ግንባርዎ ላይ ያለውስ?»

ችሎቱ ሳቀ። ሽባባው መነጽሩን አውርዶ አደረገው። ወረቀቱ ያው ነው።

ዳኛዋ አልሳቀችም። «ማንበብ ያልቻሉትን ወረቀት ሐሰት ነው ብለው እንዴት ፈረሙ?»

ላብ በላብ ሆኗል። «የተማረ ሰው አነበበልኝ። ያነበበልኝን አምኜ ፈረምሁ።»

«ምን እንደሚል ራስዎ ሳያዩ?»

«ዘመዴ ነው እኮ! ሰው ዘመዱ ያነበበለትን ካላመነ ምን ሊያምን ነው?»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ያወቀው ይመስለኛል። ወደኔ ዞሮ ነበር፤ ቶሎ ፊቱን መለሰ።

«እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለች ዳኛዋ።

«እሱ ያለውን ነው የምለው። ቃል በቃል።»

ጸሐፊውን «መዝግብ» አለችው። ከዚያ የሚነበብ ቅጂ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ደብተሬን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁ። «በእጅ የተጻፈ ነው…» አልሁ፣ እንደ ሌባ ቀስ ብዬ።

«ይነበባል?»

«ይነበባል።»

«ያንብቡት።»

ቆሜ አነበብሁ። ሁለት ቦታ ተንተባተብሁ። ለግንቦት 10 ተቀጠረ።

ሚያዝያ 26

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያው ረቡዕ። ከተማው ሁሉ ሽባባውን መነጽሩን እየጠየቀው ነው። የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ «ጋሼ፣ ግንባርዎን ይዩት!»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንድ ቀን ደስ አለኝ። ከዚያ ያ ፊቱ ይመጣብኛል… ያዘልሁት ልጅ ፊት።

ግንቦት 6

ሽባባው ሦስት ሽማግሌ ይዞ መጣ። ከመካከላቸው ትልቁ አቶ ደርበው ናቸው። «ከቀጠሮው በፊት ይለቅ። ማሳውን ይመልስ፣ ክሱን አንሺ» አሉ። ሽባባው መሬት መሬት እያየ «እመልሳለሁ» አለ። እሺ አልሁ። አራት ዓመት ያኮረፍሁት በአንድ እሺ ያልቃል? አላውቅም። እሺ አልሁ።

ውሉን ለማጻፍ ተያይዘን ሶስና ጋ ሄድን። መስታወቱ ሰማያዊ ነው።

«አርባ አንድ በመቶ» አለች። ልትነግረን አፈረች።

አቶ ደርበው «እንግዲህ በእጅ ይጻፋ» አሉ። ሽባባው እስክሪብቶ አወጣ። «እኔ ልጻፈው።»

«አንተ ተቀመጥ» አልሁት።

ሶስና ንጹሕ ወረቀት ሰጠችኝ። ጠረጴዛዋን ለቀቀችልኝ። ጻፍሁ። በሰማያዊው መስታወት ፊት፣ ነጠብጣቦቹ እየተሽከረከሩ፣ የእናቴን ማሳ ከነድንበሩ፣ ከነቀርከሃው፣ ከነምንጩ ጻፍሁት። አላፊ አግዳሚው «ስንት ደረሰ?» ሲል የባጃጅ ሹፌር «ኮምፒውተሩ ሃምሳ ሁለት፣ እማማ ሁለተኛው ገጽ!» ይላል።

ቀድሜ ጨረስሁ።

«ለሽማግሌዎቹ ይነበብላቸው» አሉ አቶ ደርበው። ወረቀቱን ለሽባባው ሰጠሁት። መልሶ ዘረጋልኝ።

«እታለም፣ አንቺ አንብቢው።»

«የለም። ያኔም ያነበብኸው አንተ ነህ። እስቲ አሁንም አንብብልኝ።»

አጠገቡ ቆምሁ። አውራ ጣቴን መጀመሪያው ቃል ላይ አኖርሁ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና አነበበ። ድምፁ ያው ነው፣ እንደ ቄስ። ጣቴ ከድምፁ ሥር ሥር ሄደ፤ መስመር በመስመር፣ ገጽ በገጽ፣ እስከ ግርጌው ድረስ።

አንድ ቃል አልጨመረም። አንድ ቃል አላስቀረም።