ነዳጁ ያለፈበት አሸዋ

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽ ደረጃውን መውጣት ቻለልሽ? ጎረቤቶቹስ ደህና ናቸው? እኔ እዚህ ባሕር ላይ ባለው የቁፋሮ መድረካችን ማዕበሉ ከሚያንገላታኝ በቀር ደህና ነኝ።

እዚያ እናንተ ጋ ማያሮ ገበያ ላይ "ነዳጅ አገኙ" እየተባለ ነው አሉ። አላገኘንም። ጉድጓዳችን ደረቅ ነው። ነገሩን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

እዚህ ባሕር ሥር ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነዳጅ ይዟል ብላ ለዓመታት የተከራከረችው አለቃዬ ኢውላሊ ናት። መሰርሰሪያው አሸዋው ላይ ሲደርስ የወጣውን ስብርባሪ አጥቤ ነዳጅ የነካውን በሚያበራው ልዩ መብራታችን ሥር ባደርገው እንደ ወርቅ አበራ! ጮህኩ። ቆፋሪያችን ባልዲዮ እየጨፈረ መጣና "በይ ኢውላሊ፣ የካርኒቫሉን ጭፈራ እዚሁ እንጀምረው!" አላት።

እሷ ግን "ተረጋጋ አንተ፣ ብርሃን በርሜል አይሞላም" ብላ ድንጋዩ የያዘውን ፈሳሽ ከዚያው ከሥሩ የሚቀዳ መሣሪያ አስወረደች። መጀመሪያ የሚመጣው ድንጋዩ ውስጥ የሰረገው የራሳችን የቁፋሮ ጭቃ ስለሆነ፣ እስኪጠራ አስቀዳችው። ባልዲዮ "ኧረ ይበቃል!" ቢላት "የቸኮለ ይዋኝ፣ ባሕሩ ያው" አለችው። በመጨረሻ ጠርሙሱ ሲከፈት የወጣው ጨው ውሃ ነው። አሸዋው ግሩም ነበር እማዬ፤ ነዳጁ ግን ከስንት ዘመን በፊት አምልጦ ሄዷል። ያበራልን ነገር፣ ተከራይ ለቆት የሄደ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚቀር ቅባት ያለ ነገር ነው።

ከዋና ከተማችን ከፖርት ኦፍ ስፔን የኩባንያው አለቆች ደወሉ። "የነዳጅ ምልክት ተገኝቷል ብለሽ ጻፊ፣ ውሃውን ለጊዜው ተይው፤ ሁለተኛ ጉድጓድ እናስፈቅድልሻለን" አሏት። እምቢ ካለች ግን ቦታዋን እንደምታጣ አልደበቋትም። ውሸት እኮ አይደለም፣ ምልክቱ ተገኝቷል! እኔ ብሆን እጽፈው ነበር። እሷ "አሸዋው የያዘው ውሃ ነው፤ የምጽፈውም የያዘውን ነው" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ጀርባዋን ሰጥታን አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ለጉድጓዱ መድፈኛ ሲሚንቶ አዘዘች። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም፤ ኮራሁባት።

ቀጥለው እኔን ጠሩኝ። "አንተ ፈርምልንና ቦታዋን ያዝ" አሉኝ። አዎ፣ ያ ስትሳይልኝ የኖርሽው እድገት ነው። ከስሟ ሥር "ውሃ" ብዬ ፈረምኩ። አትቆጪኝ። ባልዲዮ "ሁለት እብድ ተገናኘ፣ አሁን ሁለታችሁም ሥራ ፈት!" እያለ ይስቅብናል።

እሁድ በጀልባ እመጣለሁ፤ ብቻዬን ግን አይደለሁም። ሮቲውን በዛ አድርገሽ ጋግሪ። ያቺን የመረጥሽልኝን ልጅ እሁድ እንዳትጠሪያት፤ ከእሁድ በኋላም ባትጠሪያት ደስ ይለኛል። ስለ "እኛ ዘር" እና ስለ "እነሱ ዘር" የምትይውንም ነገር ለዚያች ቀን እንኳ ተይልኝ። ደግሞ ኢውላሊ ሮቲሽ ከደረቀ ደርቋል ትልሻለች፣ እንዳይከፋሽ፤ ጣፍጧል ካለችሽም ጣፍጧል ማለት ነው።

የቤታችን መብራት አይጥፋ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ።

"አላገባም አለ" እያልሽ የምታሚው ልጅሽ