ለቅሶ የሚቀመጥልኝ ሰው

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከቀኑ 11 ሰዓት

ሦስት ባጃጅ፣ አንድ ሞተር። ሁለቱ ባጃጆች ፍሬን። የሦስተኛው ባለቤት ምን ሆነ ሲባል «ይጮሃል» ብቻ ነው መልሱ። ዝናቡ እስከ 7 ሰዓት አላቆመም። እጄ ግራሶ ነው፣ ገጽህን ካቆሸሽኩ ይቅርታ፣ ደብተር።

ወሬ አለኝ። እድር ልግባ ብዬ ያመለከትኩት መልስ አገኘ። መ/ር ወልዴ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ በጡረታ ያሉ ሰው፣ ራሳቸው ጋራዥ ድረስ መጡ። ኮሚቴው አልተቃወመም አሉና ፎርም ሰጡኝ። ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው።

ለምን እንደገረመኝ አታውቅም። የጀመርኩህ ማረሚያ ቤት ስለሆነ ከዚያ በፊት ያለውን አልጻፍኩብህም። አሥራ ሁለት ሞተር ነበርን። ታርጋችንን ጭቃ ቀብተን ስለምንነዳ ቦንጋ «ጭቃዎቹ» ይለን ነበር። ኬላ እየሸወድን ቡና እናሳልፋለን። እምቢ ያለንን ነጋዴ እንደበድባለን። የሞተራችን ድምፅ ሲሰማ ሱቅ ይዘጋ ነበር። አለቃው እኔ።

አሁን ባጃጅ እጠግናለሁ። ሰው ሰላም ይለኛል፣ ግን ቆሞ አያወራም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ፎርሙን ሞላሁ። ስም፣ ቀበሌ፣ ሥራ። አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ስምና ፊርማ» ይላል።

ከምሳ በኋላ መ/ር ወልዴ ዘንድ ሄጄ ባዶ መተው ይቻላል ወይ አልኩ። አይቻልም። አምና ማንም የሌለው አባል ቀበሩ። ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ። ሰው እየገባ «እግዜር ያጥናችሁ» የሚለው አጣ። ትንሽ እየቆመ ወጣ። ኮሚቴው አፍሮ ይህን ሕግ አወጣ። እስከ ሰኞ 25 ጊዜ ሰጡኝ።

ቤት ገብቼ አሰብኩ። ሚስቴ እኔ ታስሬ ሳለ ጅማ ሄዳ አገባች፣ አልፈርድባትም። እናቴም የሞተችው ያኔ ነው። ልጅ የለኝም። ወንድም የለኝም። ለካ እንዲህ ብቻዬን ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ማታ 1 ሰዓት

የድሮ ጓደኞቼን ፊርማ ፍለጋ ሺሺንዳ ደርሼ መጣሁ። የገበያ ቀን ስለሆነ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር።

ታሪኩ ስልክ ይሸጣል። ያኔ ከኋላዬ ሁለተኛ የሚነዳው እሱ ነበር። ሲያየኝ ደስ አለው፣ ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። ጓዳ አስገብቶ መጋረጃውን ጋረደ። ለስላሳ ከፈተልኝ። ጉዳዬን ስነግረው ጠርሙሱን አየ። ልጆቹ ከጭቃዎቹ አንዱ እንደነበር አያውቁም። ድንኳን ውስጥ ቢቀመጥልኝ «የሞተው ምንህ ነው?» ሊባል ነው። እውነቱን ነው።

ሌላው ጭቃ፣ ሳሙኤል፣ ደግሞ ሰባኪ ሆኗል። ድምፁ ድሮም ወፍራም ነበር። እጁን ጭኖ ረጅም ጸሎት ጸለየልኝ። ፊርማ ስለው ከሽማግሌዎቹ ጋር ልማከርበት አለ። ተመካክሮ እንደማይደውል ሁለታችንም እናውቃለን። ሌሎቹ ጋ በስልክ ሞከርኩ። አንዱ ቁጥሬን ዘግቶታል።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

ምንም አልሠራሁም። ተናድጃለሁ። ማዘጋጃ ቤት ይቅበረኝ። ለሞተ ሰው ምን ገዶት።

ውሸቴን ነው። ገዶኛል። ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሳይ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ፎርሙን ልመልስ ሄድኩ። መ/ር ወልዴ ትልቁን መዝገብ ገልጠው ነበር። የተገለጠው ገጽ የእትዬ ወርቄ ነው። «ለቅሶ የሚቀመጥ» በሚለው ላይ አንድ ስም ተሰርዟል። መስፍን። ከሱ በኋላ ማንም አልተጻፈም። የቆዩ አባል ናቸው፣ ሰው እንዲያስመዘግቡ ብንጠይቃቸው ዝም ይላሉ አሉኝ መ/ር ወልዴ።

ፎርሙን ሳልመልስ ወጣሁ።

እሺ ደብተር፣ ልጻፈው። መስፍን ከሁላችንም ትንሹ ነበር። አንድ ሌሊት ከኬላ ስናመልጥ ጫካው ውስጥ ከባድ ጉም ነበር። መብራት አጥፉ አልኩ። አጠፋን። መታጠፊያው ላይ የሱ ሞተር ገደል ገባ። ሁላችንም ሰማን። ፍጥነት የቀነሱ ነበሩ። አትቁሙ አልኩ። አልቆሙም። ቀብሩ ላይ ከአሥራ አንዳችን አንድ ሰው አልተገኘም። እናቱ፣ እትዬ ወርቄ፣ ይህን ፍ/ቤት ውስጥ ከምስክር አፍ ሰምተዋል። ያን ቀን ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ እትዬ ወርቄ በር ድረስ ሄድኩ። ቆምኩ። ጎረቤት አየችኝ። ስኳሬን ይዤ ተመለስኩ። ፈሪ።

እሁድ፣ ጥቅምት 24። ከቀኑ 8 ሰዓት

ገባሁ።

ደጃፍ ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። አልተነሱም፣ ውጣም አላሉኝ። ስኳሩን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ፣ እግሬ ሥር አኖርኩት። ያዘጋጀሁት ንግግር ጥርግ ብሎ ሄደ። አትቁሙ ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ።

እንደሚያውቁ ተናገሩ። ከዚያ እስካሁን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ። ሲወድቅ ጮኸ ወይ አሉ።

መዋሸት እችል ነበር። አዎ፣ ተጣራ አልኩ።

«ማንን?»

«እኔን።»

በቆሎው ከእጃቸው አልወደቀም። መፈልፈላቸውን ቀጠሉ። አንድ ራስ ጨረሱ፣ ሌላ አነሱ። የማደርገው ስላጣሁ እኔም አንዱን አንስቼ መፈልፈል ጀመርኩ። አልከለከሉኝም። እሳቸው ፊት ማልቀስ የእኔ ድርሻ መስሎ አልታየኝም።

ሳያዩኝ ተናገሩ። «እኔ ስሞት የሚቀመጠው እሱ ነበር። አሁን አንተ ትቀመጣለህ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሰው ሁሉ እያየህ።»

እሺ አልኳቸው።

«ላንተ ግን አልቀመጥም። ፎርምህን አምጥተህ ፈርሚ እንዳትለኝ።»

እሱንም እሺ አልኩ። ስወጣ ስኳሩን ውሰድ አሉኝ። ወሰድኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ጋራዥ ዘግቼ እድሩ ጽ/ቤት ሄድኩ። እትዬ ወርቄ ቀድመውኝ ለመ/ር ወልዴ ነግረዋል። መዝገቡ ተገለጠ። ከተሰረዘው ስም በታች የእኔ ስም፣ አድማሱ፣ ተጻፈ። ፈረምኩ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

የራሴን ፎርም መ/ር ወልዴ አገላብጠው አዩና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሕጉ ሕግ ነው፣ ሰው እስካላስመዘገብኩ አባል አይደለሁም። አዘኑልኝ። ምንም አይደለም አልኳቸው። የእውነት ምንም አይደለም ወይ? ነው። ብሞት ዛሬም ማዘጋጃ ቤት ነው የሚቀብረኝ። ብቻ፣ አልጻፍኩብህም እንጂ፣ ጅማ ሄጄ ልኑር እያልኩ አስብ የነበረውን ትቼዋለሁ። እሳቸውን ሳልቀብር ከቦንጋ አልወጣም።

9 ሰዓት

እትዬ ወርቄ በጎረቤታቸው መልእክት ላኩብኝ። መጪው እሁድ ማንኪራ እንሂድ ብለዋል። ሁለት ወንድሞቻቸው እዚያ ናቸው። እሳቸው የሞቱ ለት መርዶ የማደርሰው እኔ ስለሆንኩ ቤቱን ማወቅ፣ ሰዎቹም እኔን ማወቅ አለባቸው። የመስፍን አጎቶች።

በሞተር ላድርስዎት ብዬ መልሼ ላኩ። ሴትዮዋ ወዲያው ተመልሳ መጣች። በእግር ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት በር ላይ ጠብቀኝ ብለዋል።

የጫካው መንገድ ረጅም ነው። የምንሄደው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። አጎቶቹ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። እነሱ በር ላይ ደርሰን ይህ ማነው ሲባሉ እትዬ ወርቄ ምን ብለው እንደሚያስተዋውቁኝም አልነገሩኝም። አልጠየቅኩም።

እሄዳለሁ።