የዕርቁ ወረቀት

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

የቆመች መኪናዬ ተገጨች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የአብዱልቃድር አይሱዙ በኋላው ተደግፎባት ቆሟል። አብዱልቃድር ጎረቤታችን ነው፤ ከሆሞሻ ሰሊጥ እየጫነ አሶሳ ያራግፋል። አልሸሸም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነበር። «ቲቸር፣ እኔ ነው። መስታወት ሰባራ ነው፣ አላየም፣ ወላሂ» አለ።

የተጎዳው፦ የግራ መብራት። የግራ ፓራፋንጎ። ቻርጅ የሚደረግበት መሰኪያ፣ ከነክዳኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። መብራቱም ፓራፋንጎውም ይቆዩ፤ ነገሩ መሰኪያው ነው። ይህች መኪና ቤንዚን አትጠጣም።

ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ባትሪዋ 23 ፐርሰንት ይላል። እሑድና ሰኞ መብራት ስላልነበረ ዛሬ ማታ ልሰካት ነበር። አሁን የሚሰካበት የለም።

ባሌ ታምራት በመስኮት አይቷል። ስትሮክ ግራ ጎኑን ከያዘው ስምንት ወር ሆነው፤ ንግግሩም ከዚያ ወዲህ የተቆራረጠ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ እወስደዋለሁ። በባጃጅ ሞክረን ወድቆብኛል። መኪናዋን የገዛናትም ለዚሁ ነው፣ በሯ ሰፊ ነው። ከአልጋ አንስቶ መኪና ውስጥ የሚያስገባልኝ ደግሞ አብዱልቃድር ነው።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ደርሰን መጣን። 21። አንድ ምልልስ ሁለት ፐርሰንት ይበላል። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ቀሪውን ማስላት አያቅተኝም።

ጠዋት አብዱልቃድር መጥቶ ታምራትን እንደ ወትሮው አነሳው። ስለ መኪናዋ አልተነጋገርንም።

ከሰዓት ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሼህ ሙሳ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ገበየሁ፣ አንድ ጡረተኛ መምህር። ማንጎው ሥር ተቀመጡ። አብዱልቃድር ጫማውን አውልቆ ቆመ። የሦስተኛ ወገን መድኑ ካበቃ አራት ወር ሆኖታል። ፖሊስ ካወቀ አይሱዙው ይታሰራል፤ ሰሊጡ ደግሞ ታጭዶ ሜዳ ላይ ነው።

አቶ ገበየሁ፣ «አንቺ ኢንሹራንስ አለሽ፣ እሱ የለውም። ይቅር ብትይው ምን ይጎድልብሻል?» አሉኝ።

እውነት ነው። ሙሉ መድን አለኝ። ሼህ ሙሳ የፋቲሃ ዱዓ አደረጉ፣ እጃችንን ዘርግተን ተቀበልን። አቶ ገበየሁ ጻፉ፦ ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ሁላችንም ፈረምን።

ወሬ ሰምቶ የመጣ ትራፊክ ፖሊስ ሁሉም ካለቀ በኋላ ደረሰ። ወረቀቱን አነበበ፣ ፊቱ ፈታ አለ። ከታረቃችሁ ይበቃል ብሎ ደብተሩን ሳይከፍት ሄደ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

መካኒኩ ጀማል ጎንበስ ብሎ አየ፣ ብርቱካናማውን ሽቦ ሲያይ እጁን ሰበሰበ። «ቲቸር፣ ይሄ ስልክ ነው እንጂ መኪና አይደለም። ስልክ ሠሪ ጥሪ» አለ። ከማክሰኞ ወዲህ የሳቅኩት አሁን ነው።

አዲስ አበባ መኪናዋን ለሸጡልን ሰዎች ደወልኩ። ማንም እንዳይነካው፣ ሰው ይገድላል አሉኝ። ዕቃው ከቻይና ይታዘዛል። መኪናዋን በጭነት መኪና ጭናችሁ አምጡ አሉ። ይህን ሁሉ ያለ ኢንሹራንስ አንችለውም።

ፎቶ አነሳሁ፣ ቅጽ ሞላሁ፣ መድን ቢሮው አስገባሁ። የዕርቁን ወረቀት ኮፒም አያያዝኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ነገሩ በሰላም ማለቁን ቢያዩ ይፈጥናል ብዬ ነው።

19።

ኅዳር 7፣ ዓርብ

ታምራት ብረቱን ይዞ ሦስት እርምጃ ሄደ። ሦስት። ባለሙያዋ አሁን ማቋረጥ የለም፣ ካቋረጠ እግሩ ይመለሳል አለች። ወደ መጣበት ይመለሳል ማለቷ ነው።

ከሆስፒታል ሳንወጣ ከመድን ቢሮው ተደወለልኝ። በዚያው አለፍኩ፣ ታምራት መኪና ውስጥ ጠበቀኝ።

ጉዳዩን የያዘችው ልጅ እግር ሴት ናት። ወንበር ሳበችልኝ። ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዛ፣ «ይህን ማን አያይዙ አለዎት?» አለች። ማንም አልኩ።

አስረዳችኝ። እነሱ ለእኔ ከከፈሉ በኋላ ከገጨው ሰው ያስመልሳሉ። እኔ ግን አይጠየቅም ብዬ ፈርሜያለሁ። «ይቅር ያሉት በራስዎ መብት ብቻ አይደለም፣ በእኛም ነው» አለች። ስለዚህ አይከፍሉም።

ተነስቼ ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወድደው አልፈረሙማ አለችኝ። ሽማግሌዎቹ አስገደዱኝ ብለው የገጨዎትን ሰው ፖሊስ ጣቢያ ይክሰሱት፣ ዕርቁ ይፈርሳል፤ የክሱን ቁጥር ካመጡልኝ ፋይሉን ሰኞ አንቀሳቅሰዋለሁ አለች። ልትረዳኝ ፈልጋ ነው። ክፋት የለባትም።

16።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

ብከሰው፦ አይሱዙው ይታሰራል። ሰሊጡ ይረግፋል። ሼህ ሙሳና አቶ ገበየሁ በሐሰት አስገዳጅ ይባላሉ። ሽማግሌ የረገጠች እባላለሁ፣ ሁለተኛ ማንም አይቀመጥልኝም። ታምራትን የሚያነሳልኝ አይኖርም።

ባልከሰው፦ መኪናዋ ስምንት ምልልስ ይቀራታል። ከዚያ ግቢ ውስጥ የቆመ ብረት ናት። ያኔም ታምራት ቤት ይቀራል።

በሁለቱም በኩል ዞሬ የምደርሰው አልጋው ዘንድ ነው።

ኅዳር 9፣ እሑድ

አብዱልቃድር አዲስ መስታወት አስገጥሞ ሊያሳየኝ ጠራኝ። «ኸላስ ቲቸር፣ አለቀ፣ አሁን ሁሉም ይታያል» አለ። ጥሩ ነው አልኩት። ጡጫዬን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ጨብጬ ነበር።

ለታምራት ሁሉንም ነገርኩት። «ማን... ያነሳኛል?» አለ።

አንተን ብዬ ነው የምከሰው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት። አመሻሹ ላይ ነገ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ደግነት እግር አያስተካክልም።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

አብዱልቃድር ታምራትን አነሳው። «ዛሬ ቀላል ነው፣ ማሻአላህ» አለ። ታምራት በደህና እጁ የሸሚዙን ኮሌታ ጨብጦ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ካስቀመጠውም በኋላ ቶሎ አልለቀቀውም።

ታምራትን ለባለሙያዋ አስረክቤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። አንድ ሰዓት አለኝ። ተረኛው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። የከሳሽ ስም፦ ጻፍኩ። አድራሻ፣ ሥራ፦ ጻፍኩ። ማን እንዳስገደደኝ ጠየቀኝ። ሽማግሌዎች አልኩ። «በምን? በዱላ? በዛቻ?» አለ።

በማንጎው ሥር። በተዘረጋ እጅ። ይህ እንዴት ይጻፋል?

ጎረቤት ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። በደንብ አየኝ፣ ማኅተም ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ።

ተነሳሁ። እስክሪብቶው የእነሱ ነው፣ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት። ከሳሽ የሚለው ላይ ስሜ አለ። ተከሳሽ የሚለው ባዶ ነው። ለመድን ቢሮዋ ልጅ ምን እንደምላት አላውቅም። የቀረው ሰባት ምልልስ ሲያልቅ ምን እንደማደርግም አላውቅም።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ፣ «ጨረሱ እንዴ?» አለኝ።

አልጨረስኩም አልኩትና ወጣሁ።