ያልለካሁት እንግዳ

ይድረስ ለእህቴ ለጽናት ተገኘ፣ ቤሩት።

በጥር ማለዳ ጓሳው ሣር ላይ የሚያድረውን ውርጭ ያህል የበዛ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? የምትሠሪላቸው አሮጊት አሁንም ያመናጭቁሻል ወይስ ለመዱሽ? እንጀራ ታገኛለሽ? በእሑድ ቀንስ ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ?

እዚህ ላይ «እኛ ደህና ነን» ተብሎ ይጻፋል። ጽፌው ነበር፤ ሰረዝኩት።

ይህን ወረቀት ወደዚያ የምትመለሰው ጓደኛሽ ስንታየሁ በጠዋት፣ የአገር ልጆች ባሉበት እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በእኛ ወግ መርዶ ለብቻ አይሰማም። አባታችን አርፈዋል፣ ጽናት። ኅዳር ዘጠኝ ቀን። ሁለት ወር አለፈው።

ቁጭ በይ። እጅሽን ለስንታየሁ ስጫት። የቀረውን ስትችዪ አንብቢው።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደወልሽ። አንዴ «ገደሉ ዳር ናቸው፣ ኔትዎርክ የለም» አልንሽ። አንዴ «ገበያ ወጥተዋል» አልን። በገና ዕለት ጫማ ልትገዢላቸው ቁጥራቸውን ጠየቅሽ። ባለቤቴ ሰርካለም «አርባ ሁለት» አለችሽ። ሽማግሌዎቹ አገሯ ስትገባ ይነገራት ብለዋል። እኔ ግን ከዚያ ጫማ ወዲህ አልቻልኩም። ሌላም ነገር አለ። ሌላ ሰው ቢያረዳሽ በምን እንደሞቱ ይነግርሻል። በማን ጥፋት እንደሞቱ አይነግርሽም።

እኔና አባዬ የምንሠራበት የእንግዳ ማረፊያ በወረርሽኙ ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግቶ እንደነበር ታውቂያለሽ። አባዬ ግን ገደሉ ድረስ በየቀኑ እየሄዱ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ያዩ ነበር። «ጎብኚው ቀረባቸው፤ እኔም ልቅርባቸው እንዴ?» ይሉ ነበር። በጥቅምት ይከፈት ተባለ። ከወረዳ አንድ ባለሙያ መጥቶ ሦስት ቀን አሠለጠነን። እጅ ማስታጠብ። ማስክ። ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቅ። እንግዳ የለበሰውን የሱፍ ባና ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ማስጣት። ሙቀት መለኪያውን ለእኔ ሰጡኝ። ግንባር ላይ ይደገናል፣ ጢጥ ይላል። መጀመሪያ የለካሁት አባዬን ነው። «ጉድ እኮ ነው! ያሳደግሁት ልጅ ሽጉጥ ደገነብኝ። በል ተኩስ» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሠላሳ ስድስት ነበሩ።

ጥቅምት አሥራ አራት ቀን የመጀመሪያዎቹ እንግዶች መጡ። ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት። ለካኋቸው። አስታጠብኳቸው። ሴትዮዋ ማስኳን ዝቅ ብታደርግ በእጄ ምልክት ሰጠኋት፤ ቶሎ መለሰችው። ኮራሁ፣ ጽናት። የበር ሰው መሆኔን ወደድኩት።

ሾፌሩ ታዲዮስ ይባላል። ከመኪናው ሲወርድ አባዬ «የማን አገር ልጅ ነህ?» አሉት። «እናቴ የራቤል ናት» አለ። በቃ። ራቤል የአያታችን አገር አይደል? ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። ከዚያ ልጁ ሳለ። «መንገዱ አቧራ ነው» አለ። መንገዱ አቧራ መሆኑ እውነት ነው። አባዬ ወደ እኔ ዞረው «ይህንንስ አትተኩስበትም?» አሉ። እየቀለዱ ይሁን የምር እየጠየቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ «አባዬ፣ የእኛው ሰው እኮ ነው» አልኩ።

መለኪያው እጄ ላይ ነበር።

ፈረንጆቹ ማረፊያው አደሩ። ታዲዮስ እኛ ቤት መጣ። የራቤል ልጅ እንዴት መኪና ውስጥ ይደር? ከአንድ ትሪ በሉ። አባዬ አጎረሱት፤ «ይኼ ደግሞ የእናትህ» ብለው ደገሙት። ሲበርደው የራሳቸውን ባና አለበሱት፤ በማግስቱ መልሰው ለበሱት። የፈረንጆቹን ባና እኔ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ።

በስምንተኛው ቀን ታዲዮስ ደወለ። ተመርምሮ በሽታው ተገኝቶበታል። እያለቀሰ ነበር። «አባባስ?» አለኝ። አባዬን ትኩሳት ከጀመራቸው ሁለት ቀን ሆኖ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ከአራት። የለካኋቸው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አልቀለዱም።

ደብረ ብርሃን ወሰድናቸው። መግባት አልተፈቀደም፤ በስልክ ነበር የምንነጋገረው። መጨረሻ የሰማሁት ቃላቸው «ያ ልጅ ዳነ ወይ?» የሚል ነው። ድኗል አልኳቸው። ድኖ ነበር።

አሥር ሰው ሆነን ቀበርናቸው። አባ ወልደ አማኑኤል ፍትሐቱን ከሩቅ ቆመው አደረሱ። እናታችን ሣጥኑን ሊስሙ ሲራመዱ ክንዳቸውን ይዤ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። ሁለት የአዋቂ እርምጃ። ደንቡን በደንብ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ደንቡ ጥሩ ነበር። በጽሑፍ የጎደለው ነገር የለም። በሽታው በእኔ ልብ የሩቅ ሰው በሽታ ነበር፤ አያት የምንጋራው ሰው ይዞት የሚመጣ አልመሰለኝም። ለእናታችን ነግሬያቸዋለሁ። «እኔም ብሆን አላስለካውም ነበር» አሉ። እንዲያቀልልኝ ብለው ነው። አላቀለለልኝም።

ሰሜኑ ጦርነት ሆኖ እስከ ገና እንግዳ አልነበረም። አሁን ከአዲስ አበባ አንድ ሁለት እያለ መጥቷል፤ እኔም ወደ በሩ ተመልሻለሁ። ሁሉንም እለካለሁ። ባለፈው ሳምንት የአክስታችን ልጅ አትናቴዎስ ሊጠይቀኝ መጣ። መለኪያውን ሳነሳ «እኔን? አንተ እኔን?» አለ። አዎ አንተን አልኩት። «አባትህ ቢያዩህ ያፍሩብህ ነበር» ብሎ ግንባሩን ሰጠኝ። ትኩሳት የለውም። ሳይሰናበተኝ ሄደ። መንደሩ ይህ ልጅ ሰው ጠላ እያለ ነው። ይበል። መኪና በመጣ ቁጥር ግን ሁለት ጊዜ እለካለሁ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ ያን ወረቀት አይችለውም። ስትደውዪ ስደቢኝ። ዝም አትበዪኝ እንጂ የፈለግሽውን በይኝ።

ሰርካለም ትስምሻለች፤ መጋቢት ላይ ትወልዳለች። አባ ወልደ አማኑኤል በጸሎት ስምሽን እያነሱ ነው፤ በርቺ ብለውሻል። አትናቴዎስም እኔን ቢቀየም አንቺን በእናታችን በኩል ሰላም ብሏል።

እናታችን መዋሸት ስለማይችሉ እስካሁን በደወልሽ ቁጥር ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር። ዛሬ ይህን እንደጻፍኩ ስነግራቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ስልኩን ከእጄ ወስደዋል። ሁለት ወር ድምፅ አውጥተው አላለቀሱም፤ ከልጄ ጋር ነው የማለቅሰው ብለው እየጠበቁሽ ነው።

ወንድምሽ አፈወርቅ ተገኘ
ቀየት፣ መንዝ
ጥር 16 ቀን 2013 ዓ.ም.